ፋኑ የሚጮኸው ስላላዘዛችሁት ነው

ለኮምፒውተር ጠጋኝ ከሚቀርቡ አቤቱታዎች ሁሉ ቀላሉ «ይጮኻል» የሚለው ነው። ቀላል ያልኩት አብዛኛውን ጊዜ ዕቃ መግዛት ስለማይጠይቅ ነው። ለባለቤቱ ግን ጭንቅ ነው። በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ታክሲ ተሳፍሮ ያመጣውና ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጠው «ስንት ሊለኝ ይሆን?» የሚለው ፊቱ ላይ ይነበባል። አንዱ «ጋሼ፣ ሊፈነዳ ነው መሰለኝ» ይላል። ሌላው ሲፒዩው ተቃጥሏል ተብሎ ተነግሮት ተስፋ ቆርጦ ይመጣል። የተቃጠለ ሲፒዩ ያለው ኮምፒውተር ጭራሽ እንደማይነሳ የነገረው የለም።

እኔ ክዳኑን ለመክፈት አልቸኩልም። ኪቦርድና ስክሪን እሰካለሁ፣ አበራዋለሁ፣ ወዲያው «ዲሊት» የምትለዋን ቁልፍ ደጋግሜ እጫናለሁ። በአንዳንዱ ቦርድ «ኤፍ 2» ናት። ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ባዮስ የሚባለው ገጽ ይከፈታል። ማዘርቦርዱ ስለ ራሱ የሚያውቀው ሁሉ እዚያ ተጽፏል፤ የሲፒዩው ሙቀት፣ የቦርዱ ሙቀት፣ እያንዳንዱ ፋን በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር። ፋኑን የማዘዣው ቦታም እዚያው ነው። ስሙ እንደ አምራቹ ይለያያል። አሱስ «ኪው ፋን» ይለዋል፣ ጊጋባይት «ስማርት ፋን»፣ ኤምኤስአይ «ሃርድዌር ሞኒተር»፣ አዝሮክ «ፋንታስቲክ ቱኒንግ»። ስሙን ተዉት፤ ሥራው አንድ ነው። ይህን ያህል ሙቀት ላይ ይህን ያህል ዙር ብላችሁ ታዛላችሁ፣ ቦርዱ ይፈጽማል።

ይህ ነገር ባለፉት ብዙ ዓመታት ከተሠሩ የዴስክቶፕ ቦርዶች በአብዛኛዎቹ ላይ አለ። የተከፈለበት ዕቃ ነው። ሆኖም ከደንበኞቼ ገብቶ ያየው በጣት የሚቆጠር ነው። «ባዮስ ከነካህ ኮምፒውተሩ ይበላሻል» የሚል ፍርሃት ከኢንተርኔት ካፌ ዘመን ጀምሮ አብሮን አድጓል። እዚያ ገጽ ውስጥ በእርግጥ ባይነካ የሚሻል ነገር አለ፤ የፋኑ ክፍል ግን ከእነዚያ ውስጥ አይደለም።

ለምን ከፋብሪካው ተስተካክሎ አይመጣም? ቦርዱን የሠራው ሰው የእናንተን ቤት አያውቅም። 35 ዋት የሚበላ ፕሮሰሰር ትሰኩበት ወይም 250 ዋት የሚበላ፣ ኬዛችሁ ነፋስ የሚያስገባ ይሁን የታፈነ፣ ክፍላችሁ ብርዳማው እንጦጦ ሥር ይሁን ሞቃቷ ሎጊያ፣ አያውቅም። ስለዚህ ለክፉው ቀን አስቦ ይሞላዋል። የሱ ጭንቀት ዋስትና ተብሎ የሚመለስበት ዕቃ ነው፤ የእናንተ ጆሮ አይደለም። አልፈርድበትም፣ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። ግን ክፍሉን የምታውቁት እናንተ ናችሁና የመጨረሻው ቃል የእናንተ መሆን አለበት።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 አይቢኤም ባወጣው የመጀመሪያው ፒሲ ውስጥ የነበረው ፋን አንድ ነው፤ እሱም 63.5 ዋት በሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ውስጥ። ፕሮሰሰሩ፣ 8088 የሚባለው፣ ሙቀት የሚበትንለት የብረት ክንፍ እንኳ ሳይኖረው ራቁቱን ይሠራ ነበር። በ1993 ፔንቲየም ሲመጣ ሲፒዩ አናት ላይ ፋን ማየት እየተለመደ ሄደ፤ ያኔ የሚበላው 15 ዋት አካባቢ ነበር። በ2022 የወጣው የኢንቴል ኮር አይ9-13900ኬ ሲጨናነቅ እስከ 253 ዋት እንዲበላ ተፈቅዶለታል። የበላው ዋት በሙሉ የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል ሲሊከን ላይ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ያን ሙቀት የመዳብና የአሉሚኒየም ክንፎች ይቀበሉታል፣ ፋኑ ከክንፎቹ ላይ ጠርጎ ያስወጣዋል።

አሁን ከፋኑ የሚወጡትን ሽቦዎች ቁጠሩ። ሦስት ከሆኑ አንዱ ኔጌቲቭ ነው፣ አንዱ 12 ቮልት ያመጣል፣ ሦስተኛው ደግሞ ፋኑ ወሬ የሚልክበት ነው። አንድ ዙር በዞረ ቁጥር በዚህ ሽቦ ሁለት ምት ይልካል፣ ቦርዱ ቆጥሮ ፍጥነቱን ያውቃል። ባለ ሦስት ሽቦ ፋንን ለማዘግየት ያለው መንገድ ቮልቴጁን መቀነስ ነው፤ ከ12 ወደ 9፣ ከ9 ወደ 7። ባዮስ ይህን «ዲሲ» ይለዋል። አብዝታችሁ ከቀነሳችሁት ይቆማል። የቆመውን ለማስነሳት ደግሞ የሚዞረውን ለማቆየት ከሚበቃው የበለጠ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ስለዚህ «ትናንት በዚህ ይዞር ነበር፣ ዛሬ ጠዋት አልነሳ አለ» የሚባለው ነገር እንቆቅልሽ የለውም።

አራተኛ ሽቦ ካለ ነገሩ ይለወጣል። 12 ቮልቱ አይነካም። አራተኛዋ ሽቦ «ግፋ፣ ተው፣ ግፋ፣ ተው» እያለች በሴኮንድ 25,000 ጊዜ ታዝዘዋለች፤ የግፋው ጊዜ ሲረዝም ፋኑ ይፈጥናል፣ ሲያጥር ያዘግማል። ባዮስ ላይ «ፒደብሊውኤም» ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው። ደንቡን ያወጣው ኢንቴል ሲሆን 1.3 የተባለው እትም የወጣው በሴፕቴምበር 2005 ነው። 25 ኪሎኸርዝ የመረጡት ጆሮን አስበው ነው። የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ አይሰማምና ሞተሩ በትእዛዙ ምት ቢንጫጫም አንሰማውም።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። ሰሚት ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት ወጣት ደንበኛዬ መጻሕፍት ትተርካለች፤ በመኝታ ቤቷ ቁም ሣጥን ሥር፣ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍና። ኮምፒውተሯ እዚሁ አዲስ አበባ ከዕቃ የተገጣጠመ ነው። «ጋሼ፣ ማይኩ ከእኔ በፊት የሚሰማው እሱን ነው» አለችኝ። ዝም ብላ ተቀምጣ የቀዳችውን አሳየችኝ። ሰው ያልተናገረበት ደቂቃ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ሞገድ ግን አይተኛም፤ እንደ ወፍራም ገመድ ተዘርግቷል። በሶፍትዌር ልታጠፋው ሞክራ ነበር፤ ጩኸቱ ሲጠፋ ከድምፅዋም አብሮ ይቆረጣል፣ ጉድጓድ ውስጥ ሆና የምታወራ ያስመስላታል። በውሃ የሚቀዘቅዝ ኩለር ልትገዛ ዋጋ እያጠያየቀች ነበር።

«ገንዘብሽን ያዢ፣ መጀመሪያ ባዮሱን እንየው» አልኳት። ሲፒዩው 41 ዲግሪ ነው፣ ማለትም ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። የሲፒዩው ፋን ግን ወደ 1,900 ዙር እየዞረ ነው። ከኋላ የተገጠመው የኬዙ ፋን ደግሞ ካለው ጉልበት ቅንጣት ሳያስቀር ይዞራል። ክዳኑን ከፍቼ የኋለኛውን ሽቦ ተከትዬ ሄድኩ፤ ባለ ሦስት ሽቦ ነው። የተሰካበት ቦታ ባዮስ ላይ ሲታይ «ፒደብሊውኤም» ተብሎ ተመድቧል። ጉዱ ይኸው ነው። ቦርዱ ቮልቴጁን ሳይነካ በአራተኛ ሽቦ ያዝዛል፤ ፋኑ አራተኛ ሽቦ የለውም። ትእዛዙ ሰሚ የለውም፣ 12 ቮልቱ ግን ሙሉ በሙሉ ይደርሳል። ኮምፒውተሩ ከተገጣጠመ ጀምሮ ይህ ፋን አንድም ቀን ትእዛዝ ሰምቶ አያውቅም።

አንዷን ቃል ከ«ፒደብሊውኤም» ወደ «ዲሲ» ቀየርኩ። ፋኑ ወዲያው ትንፋሹን ዋጠ። ልጅቷ ከኋላዬ ሆና «ጠፋ እንዴ?» አለች። አልጠፋም፣ 800 ዙር አካባቢ እየዞረ ነበር።

ቀጥሎ የሲፒዩው ፋን። የሱ ችግር ሌላ ነው፤ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። ለእኔ አንድ ወጥ ከሆነ ጩኸት ይልቅ ይህኛው ይብሳል፣ ጆሮ አይለምደውምና። መነሻው ሲፒዩ የሚሞቅበት መንገድ ነው። ብሮውዘር ስትከፍቱ ሲሊከኑ በቅጽበት ከ45 ወደ 65 ዲግሪ ይዘልላል፣ ሥራውን ሲጨርስ በቅጽበት ይመለሳል። ከላዩ ያለው የብረት ክንፍ ግን ከባድ ነው፤ በዚያች ቅጽበት የሞቀው ነገር የለም። ክንፉ ካልሞቀ ፋኑ መሮጡ ምን ይፈይዳል? ከፋብሪካው እንደመጣ የተተወ ፋን ግን ሕፃኑ ባሳለ ቁጥር ሐኪም ቤት እንደሚሮጥ አዲስ ወላጅ ነው። ባዮስ ውስጥ ለዚህም ትእዛዝ አለ፤ ፋኑ ከፍ ለማለት ወይም ዝቅ ለማለት ምን ያህል ሴኮንድ ይጠብቅ የሚል። እንደ ቦርዱ «ስቴፕ አፕ» እና «ስቴፕ ዳውን»፣ ወይም «ስሙዚንግ» ይባላል። ይህን ጥቂት ሴኮንድ ማርዘም ብቻውን የብዙ ሰው አቤቱታ ይዘጋል።

ከዚያ ግራፉ። ብዙ ቦርዶች አራት ነጥብ ይሰጧችኋል። ከታች ሙቀት፣ በጎን የፋኑ ጉልበት በመቶኛ። ለተራኪዋ እስከ 60 ዲግሪ ድረስ መስመሩን በ30 በመቶ አስተኛሁት፤ 70 ላይ 50፣ 80 ላይ 80፣ ከ85 ጀምሮ 100። ድምፅ ስትቀዳ ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሥራ ኢምንት ስለሆነ 60 አይነካም፤ ፋኑም ከወለሉ አይነሳም። ቀረጻው ሲያልቅ ድምፁን አጥርታ ፋይል ስታወጣ ሲፒዩው ይሞቃል፣ ፋኑም ያጉረመርማል፤ ያኔ ማይኩ ተዘግቷል፣ እሷም ቡና እያፈላች ነው። እዚያው ሆኜ ከባድ ሥራ ሰጥቼ አስጨነቅኩት። 74 ላይ ደርሶ ረጋ።

«74 አይበዛም?» አለች። ይህን ጥያቄ በየቀኑ እሰማዋለሁ። እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ለሲሊከን ተራ ነገር ነው። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ወሰናቸው 100 ዲግሪ ነው፣ ከኤኤምዲ ራይዘን 7000 ተከታታዮች የብዙዎቹ ደግሞ 95። ወሰኑ ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ያዘገያሉ፤ ከዚያም ካለፈ ኮምፒውተሩ ራሱን ያጠፋል። ፋን ላይ የተሳሳተ ቁጥር ብትሞሉ የምታዩት ዝግታ ነው፣ ጭስ አይደለም። ሲፒዩን ከ74 ወደ 60 ለማውረድ ብሎ ቀኑን ሙሉ ጩኸት የሚያዳምጥ ሰው ለማን እንደሚለፋ አይገባኝም።

ፋኑን በግማሽ ማዘግየት ምን እንደሚያተርፍ ደግሞ ስሌቱ ይናገራል። ዙሩ በግማሽ ሲቀንስ የሚገፋው ነፋስ በግማሽ ይቀንሳል፣ የሚበላው ኃይል ወደ ስምንት አንድ ይወርዳል፣ ድምፁ ደግሞ በ15 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ ይላል። ለጆሮ 10 ዴሲቤል ማለት ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ የነፋሱን ግማሽ ሰጥታችሁ ከጩኸቱ ግማሽ በላይ ታስወግዳላችሁ። ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ድርድር የለም። (የመብራት ክፍያው ግን አይቀንስም ብላችሁ ያዙት፤ አንድ ፋን ቢበዛ የሚበላው ሁለት ሦስት ዋት ነው።) ተራኪዋ ጋ ጸጥታው ያመጣው ሌላ ጣጣም ነበር። ፋኖቹ ዝም ሲሉ እስከዚያ ተደብቆ የኖረው የሃርድ ዲስኩ እዝዝታ ብቻውን ወጣ። ልጅቷ ለኩለር ያሰበችውን ገንዘብ ትንሽ ክፍል ድምፅ ለሌለው ኤስኤስዲ አዋለችው።

አሁን ስለ እኛ አየር ላውራ፤ ይህን የውጭ ቪዲዮዎች አይነግሯችሁም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነች። ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላብን በዚህ ምክንያት ነው። አየራችን ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ይዘት እዚህም ጂቡቲም አንድ ነው፤ በውስጡ ያለው፣ ሙቀት የሚሸከመው የአየር ክብደት ግን እዚህ ያንሳል። የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር፣ አሽሬ የሚባለው፣ ለሰርቨር ክፍሎች ባወጣው መመሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከተፈቀደው የክፍል ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀነስ ይላል። በዚህ ስሌት ባሕር ዳርቻ ላይ 35 ዲግሪ የተፈቀደለት ሰርቨር አዲስ አበባ ላይ የሚፈቀድለት 30 ገደማ ነው።

ደግነቱ ከፍታው የቀነሰብንን በብርዱ ይክሰናል። የአዲስ አበባ ክፍል 30 ዲግሪ የሚገባው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ለመዲናዋ ሰው ምክሬ ይህ ነው፤ የውጭ ሰው በቪዲዮ ያሳየውን ግራፍ ስትቀዱ ከላይኛው ጫፍ ላይ ትንሽ ጨምሩበት፣ ታችኛውን አትንኩት። ሥራ ፈት ኮምፒውተር በሳሳ አየርም ይቀዘቅዛል፤ የሚቸገረው ሥራ ሲበዛበት ነው።

ድሬዳዋ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከዚራ ውስጥ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ያለው ዘመዴ የእኔን ኮምፒውተር ግራፍ በስልክ ፎቶ አስልኮ እንዳለ ገለበጠው። ከተማዋ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ግማሽ ያህል ስለሆነ አየሩ ወፍራም ነው፣ ያ ይጠቅማል። ግን የሱ ክፍል ከእኔ ክፍል በ15 ዲግሪ ይሞቃል። ፋን ከክፍሉ አየር በታች ማቀዝቀዝ አይችልም፤ በአንድ ዓይነት ዙር ክፍሉ በ15 ሲጨምር ሲፒዩውም በ15 ገደማ ይጨምራል። እኔ ጋ 44 ላይ የሚያንቀላፋው ሲፒዩ እሱ ጋ ምንም ሳይሠራ 60 አፋፍ ላይ ተቀምጧል። ውጤቱም ፋኑ ቀኑን ሙሉ ሲነሳ ሲተኛ መዋል ሆነ። ለሱ ወለሉን ወደ 45 በመቶ ከፍ አድርገን፣ መነሻውን ወደ 68 ገፋነው። ከውጭ ከሚሰማው የባጃጅ ድምፅ አንጻር 45 በመቶ የሚሰማው ሰው የለም። የሰው ግራፍ እንደ ሰው መነጽር ነው፤ አትዋሱ።

ዘመዴ ጋ ያየሁት ሌላው ነገር አቧራ ነው፤ ለነገሩ አዲስ አበባም ቦታው ሁሉ እየተቆፈረ ስለሆነ አንተናነስም። የኬዝ ፋኖች ካሏችሁ የሚያስገባው ከሚያስወጣው ትንሽ በልጦ እንዲዞር እዘዙ። ኬዙ ውስጥ ያለው አየር ወደ ውጭ ይገፋል፣ አቧራውም ማጣሪያ ባለው በፊቱ በኩል ብቻ ይገባል። የሚያስወጣው ከበለጠ ግን ኬዙ በየስንጥቁ፣ በየዩኤስቢ ቀዳዳው አቧራ ይስባል። የኬዝ ፋን ሲታዘዝ ደግሞ ባዮስ «የየትኛውን ሙቀት ልከተል?» ብሎ ይጠይቃል። የቦርዱን በሉት። የሲፒዩው ሙቀት እንዳልኩት ይዘልላል፣ የቦርዱ ቀስ ብሎ ይወጣል ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ፋኑም አብሮት ይረጋል።

በብሎወር ለምታጸዱ ሰዎች አንድ አደራ አለኝ፤ የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት። ነፋሱ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ሲያሽከረክረው ኩሽኔታው ይጎዳል። ያ የሚያፏጨው ድምፅ ደስ የሚላቸው የጎረቤት ልጆች አሉ፣ እኔም ጋ ይመጣሉ። ደግሞ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ መጀመሪያ አቧራ ይጽዳ፣ በሲፒዩውና በብረት ክንፉ መካከል የሚቀባው ፔስት ደርቆ ከሆነ ይቀየር፣ ከዚያ በኋላ ነው ግራፍ። ክንፎቹ መካከል የአቧራ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ሳለ ፋኑን ዝም ማሰኘት በሽተኛ አፍ ላይ እጅ መጫን ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው «አስተካክለህልኝ ነበር፣ ተመልሶ ጮኸ» ብሎ የሚመጣበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህል ክብ ባትሪ አለች፣ ሲአር 2032 ትባላለች። በብዙ ቦርዶች የባዮስ ሴቲንግ የሚቀመጠው በዚህች ባትሪ ጉልበት ነው። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ባትሪዋ ብትሞትም አይታወቅም፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሁሉም ይረሳል፣ የፋኑ ግራፍም ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። መብራት በማይጠፋበት አገር ይህ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል፣ እኛ ጋ ሳምንት አይቆይም። ምልክቱ ሰዓቱ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀኑ ወደ ድሮ ዓመት ከተመለሰ ባትሪዋን ቀይሩና ግራፉን እንደገና ሙሉ። ባዮስ ካሻሻላችሁም በኋላ እንዲሁ። ስለዚህ ያስተካከላችሁትን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ በቃል አይያዝም።

መብራት ካነሳን፣ «ሞቆ እያለ መብራት ቢጠፋና ፋኑ ቢቆም ሲፒዩው አይቃጠልም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። አይቃጠልም። መብራቱ ሲሄድ ሙቀቱን የሚፈጥረው ነገርም አብሮ ሄዷል። መብራት ሲጠፋ የሚጎዳው ሌላ ነው፤ ያልተቀመጠ ሥራችሁ፣ ሃርድ ዲስኩ፣ ሲመለስ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ።

ከውጭ ቢሮዎች ተሰብስበው የሚመጡት ያገለገሉ ኤችፒዎችና ሌኖቮዎች ያሏችሁ ግራፍ ብትፈልጉ አታገኙም። አምራቹ ኬዙንም ፋኑንም ስለሚያውቅ ቁልፉን ለራሱ ይዟል። ኤችፒ ላይ በ«ኤፍ 10» ገብታችሁ «ቴርማል» የሚለው ሥር «ፋን አይድል ሞድ» የሚባል መስመር ታገኛላችሁ፤ እሱ የሚቀይረው ዝቅተኛውን ወለል ብቻ ነው፣ ከፍ ማለቱን ማሽኑ ራሱ ያዛል። ሰው ነካክቶት ከፍ ብሎ የተተወ ብዙ አጋጥሞኛል፤ ወደ ታች መልሱት። የሌኖቮ ቲንክሴንተሮች በ«ኤፍ 1» ተገብቶ ጸጥታ ይሻላል ወይስ ቅዝቃዜ ብለው የሚያስመርጡ አሉ። ላፕቶፕ ከሆነ ባዮሱ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰጣችሁም። እሱን ከአልጋና ከጋቢ ላይ አንሱት፣ ለቀረው ጠጋኝ አቧራውን ይጥረግላችሁ።

ፋኑን ከዊንዶውስ ሆነው የሚያዝዙ ፕሮግራሞችም አሉ፣ መጥፎ አይደሉም። እኔ ግን ባዮሱን እመርጣለሁ። ፕሮግራሙ የሚሠራው ዊንዶውሱ ከተነሳ ነው፤ ዊንዶውስ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። የባዮሱ ትእዛዝ ግን የትኛውም ሲስተም ቢጫን፣ ሊኑክስም ቢሆን፣ አብሮ ይኖራል።

የቀሩት ማስጠንቀቂያዎች ጥቂት ናቸው። ፋኑን አብዝታችሁ ካዘገያችሁት ቦርዱ የሞተ መስሎት ሲነሳ «ሲፒዩ ፋን ኤረር» ብሎ «ኤፍ 1» ተጫኑ ይላል። ያኔ ማስጠንቀቂያውን ጨርሶ ከማጥፋት ወለሉን ትንሽ ከፍ አድርጉ፤ ፋኑ በእውነት የሞተ ቀን የሚነግራችሁ እሱ ነው። በውሃ የሚቀዘቅዝ ኩለር ካላችሁ ፓምፑ የተሰካበትን ቦታ እንደ ፋን አታዘግዩት፣ አምራቹ እንዳለው ይዙር። የግራፊክስ ካርዱን ፋን ማዘርቦርዱ አያዝዘውም፤ የሚጮኸው እሱ ከሆነ እዚህ ብትለፉ ለውጥ አታዩም። የትኛው እንደሚጮኽ ለማወቅ ክዳኑን ከፍታችሁ የእያንዳንዱን ፋን መሐል፣ ስቲከሩ ያለበትን፣ በጣት ለአፍታ ጫን አድርጉት፤ ድምፁ የተለወጠበት እሱ ነው። ክንፎቹን አትንኩ።

ስትጨርሱ በአብዛኞቹ ቦርዶች «ኤፍ 10» ተጭናችሁ አስቀምጡ፣ አለዚያ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። በመጨረሻ፣ ወለሉ 30 በመቶ ላይ ወርዶም የሚያፏጭ ወይም የሚንቀጠቀጥ ፋን ካለ ያለቀው ኩሽኔታው ነው። ለዚያ ባዮስ መድኃኒት የለውም፤ ፋኑን ቀይሩት፣ ስትገዙም ባለ አራት ሽቦውን ጠይቁ።